ጎዴ፣ 1992 ዓ.ም.፦ ረሃቡ፣ ኩፍኙና የምገባ ጣቢያዎቹ

## ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

በሶማሌ ክልል በጎዴና በዙሪያዋ በ1992 ዓ.ም. የደረሰው ረሃብ ለጥቂት ሳምንታት የዓለምን ቴሌቪዥን ሞልቶ ከሰነበተ በኋላ እንደ ብዙዎቹ ተረስቷል። እኔ ደጋግሜ የምመለስበት ሞቱ ስለተቆጠረ ነው። በአርብቶ አደር አገር ድርቅ ሲመጣ የሞተው ከብት በግምት ይነገራል፤ የሞተው ሰው ብዙ ጊዜ በግምትም አይነገርም። ቤተሰቡ ይጓዛል፣ መቃብሩ መንገድ ላይ ይቀራል፣ የሚጽፍ መዝገብ የለም። በጎዴ ግን የጤና ባለሙያዎች ቡድን በዚያው ዓመት ክረምት ቤት ለቤት ዞሮ ማን እንደሞተ፣ መቼ፣ በስንት ዓመቱና በምን ሕመም እንደሞተ ጠይቆ መዝግቧል። ውጤቱ በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ታትሟል።

ይህ ጽሑፍ በዚያ ቆጠራና በዘመኑ በይፋ በሚታወቁ ነገሮች ላይ የቆመ ነው። ግለሰቦችንም ሆነ ዕርዳታ ያደረሱትን ድርጅቶች በስም አላነሳም። የተበላሸው ነገር የአንድ ወገን ሥራ አልነበረም፤ አንዱን ስም መጥራት ሌሎቹን ነፃ ያወጣል።

## አገሩ

ጎዴ በዋቤ ሸበሌ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 300 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ያኔ የጎዴ ዞን መቀመጫ ነበረች፤ ዛሬ ዞኑ ሸበሌ ይባላል። ወንዙ ከባሌና ከአርሲ ተራሮች ተነሥቶ በኢሚ በኩል ወደ ጎዴ ይወርዳል፤ ከዚያም ቀላፎን፣ ሙስታሂልንና ፌርፌርን አልፎ ወደ ሶማሊያ ይገባል። ተፋሰሱ በስፋት ከኢትዮጵያ ተፋሰሶች ሁሉ ትልቁ ሲሆን የሚሸከመው ውሃ ግን ለስፋቱ እጅግ ትንሽ ነው። ከጅግጅጋ በኩል የሚወርዱት ፋፈንና ጀረር ከፍተኛ ዝናብ ካልጣለ በቀር ሸበሌ ጋ ሳይደርሱ ሜዳው ላይ ሰርገው ይቀራሉ።

ካርታ የሚያይ ሰው ወንዝ ካለ ውሃ አለ ብሎ ይደመድማል። ወንዙ የሚጠቅመው ግን ዳርና ዳሩን ነው። በቀላፎና በሙስታሂል በኩል በቆሎና ማሽላ የሚያመርቱ ገበሬዎች በጎርፉ መሸሽ ላይ ተመሥርተው ይኖራሉ፤ ጎርፉ ሲሸሽ በረጠበው አፈር ላይ ይዘራሉ። ከወንዙ የአንድና የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ለሚኖረው አርብቶ አደር ግን ሸበሌ በክፉ ቀን ብቻ የሚታሰብ የመጨረሻ መሸሻ ነው። የእርሱ ውሃ በዝናብ ጊዜ የሚሞላው ኩሬ፣ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ወይም በሲሚንቶ የተለሰነው የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ቢርካ ነው። ቢርካው የግለሰብ ወይም የአንድ ወገን ንብረት ከሆነ ደግሞ በደረቁ ወቅት፣ በጂላል፣ ውሃው ይሸጣል።

ዓመቱ በአራት ይከፈላል። ጉ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የሚዘንብበት ዋናው ወቅት ነው። ሐጋ ደረቅና ነፋሻ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጭሩ ዝናብ ደይር ይመጣል። ከዚያ እስከ መጋቢት መጨረሻ ያለው ጂላል ሰውና ከብት የሚፈተኑበት ጊዜ ነው። የዓመቱ ዝናብ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ300 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ እሱም እኩል አይወርድም። አንድ ሜዳ አረንጓዴ ሲሆን በግማሽ ቀን መንገድ ያለው ሌላው አቧራ ሆኖ ይቀራል። ለደጋ አንባቢ ግራ የሚሆነው ሐምሌና ነሐሴ ነው። አዲስ አበባ በዝናብ ስትታጠብ ጎዴ ደረቅ ናት፤ ወንዙ ግን የደጋውን ዝናብ ይዞ ደፍርሶ ይሞላል። አንድ ጠብታ ባልወረደበት ቀን ጎርፍ ሊመጣ ይችላል።

ሌላው የመልክዓ ምድሩ ነገር ርቀት ነው። ከጅግጅጋ በደገሐቡርና በቀብሪደሃር የሚያልፈው መንገድ ያኔ አስፋልት አልነበረውም፤ በጭነት መኪና ቀናት ይወስዳል። በየመሐሉ የፀጥታ ችግር ስለነበረ ጭነት ያለ አጀብ አይንቀሳቀስም ነበር። ጎዴ ላይ ግን አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ይህ ትንሽ ዝርዝር ይመስላል፤ ወደ ኋላ እንደምናየው የሕዝቡን እግር የመራው እርሱ ነው።

## ኑሮው

ቤተሰቡ የሚኖረው በግመል፣ በፍየል፣ በበግና በላም ነው። አራቱ አንድ ላይ አይሰማሩም። ግመል በደረቅ ወቅት ከሳምንት በላይ ያለ ውሃ ይቆያል፣ ስለዚህ ጎረምሶቹ ይዘውት ሩቅ ይሄዳሉ። ላም ግን በሁለት በሦስት ቀን መጠጣት አለባት፣ ከውሃ መራቅ አትችልም። ፍየልና በጉ ከሴቶች፣ ከሕፃናትና ከሽማግሌዎች ጋር አቃሉ አጠገብ ይቆያሉ። አቃል የሚባለው በእንጨት ቅስትና በሴቶች እጅ በተሠራ ሰሌን የሚቆም፣ ፈርሶ በግመል የሚጫን ቤት ነው። ከመንቀሳቀስ በፊት የተመረጡ ሰዎች ግጦሹንና ውሃውን ሊያዩ ይላካሉ፤ ይህ ሳሃን ይባላል። የተላኩት ሰዎች ያመጡት ወሬ ከተሳሳተ ቤተሰቡ ብዙ ከብት ይከፍላል፤ ስለዚህ ለሳሃን የሚላከው ማንም አይደለም።

የሕፃናት ዋና ምግብ ወተት ነው። ጉ ሲጠግብ ሕፃኑም ይወፍራል፤ በጂላል ወተቱ ሲነጥፍ ሕፃኑም ይከሳል። እህል የሚገባው በገበያ በኩል ነው። አርብቶ አደሩ ፍየልና በግ ሸጦ ሩዝ፣ ዱቄት፣ ፓስታ፣ ስኳርና ሻይ ይገዛል። የሚሸጠው ከብት ደግሞ በሶማሌላንድና በሶማሊያ ወደቦች በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሻገራል፤ ዋናው ገዢ ሳዑዲ ዐረቢያ ነው። ስለዚህ ከባሕር ማዶ የሚወሰን ውሳኔ ጎዴ ገበያ ላይ የፍየል ዋጋ ሆኖ ይታያል። ከብት ያለቀበትን ዘመድ መልሶ ማቋቋምና የምትታለብ ከብት በውሰት መስጠት የቆየ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ የሚሠራው ግን የሚሰጥ እስካለ ነው፤ ድርቁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመታ ሰጪውም ተቀባዩም አንድ ላይ ይቸገራሉ።

ከዚህ አኗኗር የሚወጣ አንድ የጤና ነጥብ አለ፤ ለጉዳዩ ሁሉ ቁልፉ እርሱ ይመስለኛል። ኩፍኝ ብዙ ሕዝብ በተጨናነቀበት ከተማ በየጊዜው እየዞረ ሕፃናቱን ገና በለጋነታቸው ያገኛቸዋል። ተበታትኖ በሚኖር ሕዝብ ውስጥ ግን ለዓመታት ላይገባ ይችላል። ይህ መልካም ነው፣ ሰው እስካልተሰበሰበ ድረስ። ክትባት በማይደርስበት አካባቢ በሽታውን ጨርሶ የማያውቁ ልጆች ይከማቻሉ፤ ሁለት ዓመት የሞላቸው ብቻ ሳይሆኑ የስምንትና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆችም ጭምር። በዚያ ዘመን የጎዴ ዙሪያ ገጠር መደበኛ ክትባት እምብዛም አይደርስበትም ነበር። ምክንያቱ የሠራተኛ ስንፍና ብቻ አልነበረም። የኩፍኝ ክትባት ከፋብሪካ እስከ ክንድ ድረስ በቅዝቃዜ መቆየት አለበት። በብዛት የሚመጣው ለአሥር ልጅ በሚሆን ብልቃጥ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም። ሦስት አቃል ባለበት ሰፈር ሁለት ልጅ ያገኘ ሠራተኛ ስምንቱን ጥሎ ይከፍተዋል ወይስ ይመለሳል? ብዙዎች ይመለሳሉ።

## ችግሩ እንዴት ተጠራቀመ

ታሪኩ የሚጀምረው በውሃ ብዛት ነው። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤልኒኖ ያመጣው ዝናብ ምሥራቅ አፍሪካን አጥለቀለቀ፣ የሸበሌ ሸለቆም በጎርፍ ተመታ። ጎርፉን ተከትሎ በኬንያና በሶማሊያ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው በሽታ፣ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ተነሣ። በዚህ የተነሣ ሳዑዲ ዐረቢያ በየካቲት 1990 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀንድ ከብት ማስገባት ከለከለች። እገዳው በቀጣዩ ዓመት ቢነሣም አርብቶ አደሩ ከብቱ ገና ወፍራም በነበረበት ወቅት ሸጦ ገንዘብ የሚይዝበት ጊዜ አምልጦት ነበር።

ከዚያ ዝናቡ ከዳ። በተከታታይ ወቅቶች ጉም ደይርም ወይ ጨርሶ ቀሩ ወይ ደከሙ። መጀመሪያ ያለቁት ከውሃ መራቅ የማይችሉት ላሞች ነበሩ፤ በወንዙ ዳር ተሰብስበው ግጦሹን ጨረሱና እዚያው ወደቁ። ቀጥሎ በጉና ፍየሉ፣ በመጨረሻ ግመሉ። የከብት ዋጋ ወደቀ፣ የእህሉ ወጣ። ትናንት ለአንድ ወር እህል የምትበቃ ፍየል የሳምንት የማትገዛበት ጊዜ መጣ።

አገሪቱ በዚያ ጊዜ ሌላ ነገር ላይ ነበረች። ከኤርትራ ጋር በግንቦት 1990 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ገና አልበረደም፤ የአሰብ ወደብ ተዘግቶ ጭነቱ ሁሉ በጂቡቲ ላይ ተቆልሏል። ለጋሾች ጦርነቱን እያነሡ ያመነቱ ነበር፣ መንግሥት በበኩሉ የሰው ሕይወት የፖለቲካ መያዣ መሆን የለበትም ይል ነበር። ለክፉ ቀን የተቋቋመው የእህል መጠባበቂያ ክምችት በብድር ወጥቶ አልቆ፣ ቃል የተገባው መተኪያ እየዘገየ መጋዘኑ ሳስቷል። የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱም ቢሆን የተገነባው በእርሻ ላይ ነው፤ የደጋውን የመኸርና የበልግ ምርት ይለካል። የወተት መንጠፍ፣ የግመል ዋጋ፣ የሳሃን መልክተኞች ባዶ እጅ መመለስ በቅጹ ላይ የሚሞላበት ቦታ አልነበረውም። በአካባቢው የሚኖር ሽማግሌ ከአንድ ዓመት በፊት ያወቀውን ነገር አዲስ አበባ የሰማው በመጋቢት 1992 ዓ.ም. ነው ቢባል ከእውነት ብዙ አይርቅም።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

በመጋቢትና በሚያዝያ የከሱ ሕፃናት ምስል በዓለም ቴሌቪዥን ታየ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ለአፍሪካ ቀንድ ድርቅ ልዩ መልክተኛ ሾሙ፤ መልክተኛዋም በሚያዝያ ጎዴ ድረስ ሄደው አዩ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በአገር አቀፍ ደረጃ ዕርዳታ ፈላጊ ተብሎ በዓመቱ አጋማሽ ከ7 ሚሊዮን በላይ የተገመተው ቁጥር በኋላ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነ። እህል ከጂቡቲ ተጫነ፣ ቦቴዎች ውሃ ማመላለስ ጀመሩ።

በጎዴ ከተማና ከጎዴ በስተሰሜን ባለችው በደናን የምገባ ጣቢያዎች ተከፈቱ። እጅግ ለከሱት በሕክምና የተደገፈ የወተት ምግብ፣ መካከለኛ ክሳት ላላቸው እንደ ፋፋ ያለ አልሚ ዱቄትና ዘይት ይሰጥ ነበር። ጣቢያዎቹ እዚያ የተከፈቱት ለመረዳት በሚቀል ምክንያት ነው፤ አውሮፕላን የሚያርፈው ጎዴ ነው፣ መጋዘንና ፀጥታ ያለውም እዚያ ነው። ጋዜጠኛውም የሚመጣው ወደዚያው ነው፤ ይህን ማንም በሪፖርቱ አይጽፈውም እንጂ ውሳኔ ላይ ድርሻ አለው።

ምግቡ ከተማ ከሆነ ሰውም ከተማ ይሆናል። ግመል የቀራቸው ጎረምሶች ከመንጋው ጋር ሲቀሩ እናቶች፣ ሕፃናትና አቅመ ደካሞች ቀናት እየተጓዙ ወደ ጎዴና ደናን ገቡ። በጨርቅና በቅርንጫፍ የተሠራ ጎጆ ጎን ለጎን ተደረደረ። መጸዳጃ የለም፤ ውሃው የወንዝ ነው። ከተለያየ አቅጣጫ የመጡ፣ በኑሯቸው እንዲህ ተጠጋግተው የማያውቁ፣ ያልተከተቡ ልጆች ምግብ ለመቀበል በአንድ ሰልፍ ላይ ተገናኙ።

የኩፍኝ ክትባት አልተረሳም ነበር። ነገር ግን ከምገባው እኩል አልተቻኮለም፣ የሚፈለገውን ያህል ሽፋንም አላገኘም፤ ትኩረቱም እንደ መደበኛው ልማድ ከአምስት ዓመት በታች ባሉት ላይ ነበር።

## ቆጠራው ምን አገኘ

የጥናቱ ቡድን 595 ቤተሰቦችን ጎብኝቷል፤ በውስጣቸው 4,032 ሰዎች ነበሩ። ከታኅሣሥ እስከ ሐምሌ 1992 ዓ.ም. ባሉት ወራት 293 ሰዎች ሞተዋል። ይህም ከ10,000 ሰው በየቀኑ 3.2 ማለት ነው። የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች በቀን ከ10,000 አንድ ሰው ሲሞት አስቸኳይ ሁኔታ ነው ይላሉ፤ እዚህ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። ከአምስት ዓመት በታች ባሉት መጠኑ 6.8 ደርሷል።

ሁለት ነገሮች ከቁጥሩ ጎልተው ይወጣሉ። አንደኛው ጊዜው ነው። ከሞቱት ውስጥ 77 በመቶዎቹ የሞቱት ዋናው የዕርዳታ ሥራ በሚያዝያ ከመጀመሩ በፊት ነው። የዓለም ካሜራ በደረሰ ጊዜ ከአራት ሟች ሦስቱ ተቀብሮ ነበር። በዕርዳታ ሪፖርት ላይ የምናነበው የቶን ብዛት የሚነግረን ለተረፉት የደረሰውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው የሟቾቹ ዕድሜና የሞቱበት ምክንያት ነው። ከ293ቱ 159ኙ ከአምስት ዓመት በታች ነበሩ፤ ከእነዚህ በ72.3 በመቶው ሞት ላይ የከፋ ክሳት ድርሻ ነበረው። እዚህ ድረስ የሚያስደንቅ የለም። ነገር ግን 72ቱ ሟቾች ከ5 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ልጆች ናቸው፤ ከሟቹ ሁሉ ሩብ ያህሉ። እነዚህ በብዙ የዕርዳታ ሥራ የማይመዘኑ፣ ለምገባ ጣቢያ መስፈርት የማይበቁ፣ ለክትባትም ትልልቅ የሚባሉ ልጆች ናቸው። ኩፍኝ ብቻውን ወይም ከክሳት ጋር ተደርቦ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት 35ቱን፣ ከትልልቆቹ ደግሞ 12ቱን ገድሏል። በአንድ ርካሽ ክትባትና በአንድ የቫይታሚን ኤ እንክብል ሊተርፉ ይችሉ የነበሩ 47 ልጆች፣ በ595 ቤት ውስጥ ብቻ።

## የሠራውና ያልሠራው

የሕክምና ምገባው ለደረሰበት ልጅ ሠርቷል፤ ይህን መካድ ፍትሕ አይደለም። በጣቢያው የገቡ ብዙ ሕፃናት አገግመዋል። የውሃ ቦቴዎቹም ቢሆኑ ውድ መፍትሔ ናቸው ብለን ብንነቅፋቸውም በጂላል መጨረሻ ምትክ አልነበራቸውም።

ያልሠራው ቅደም ተከተሉ ነው። ለመላው ቤተሰብ የሚሆን ራሽን በበቂ መጠን ሳይደርስ የሕፃናት ምገባ ስለቀደመ፣ ለአንዱ ልጅ የተሰጠው ዱቄት የስድስት ሰው ማዕድ ሆነ። እናት አምስት ልጆቿ እየራባቸው ለአንዱ ብቻ ለይታ አትሰጥም፤ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ድኖ የወጣው ልጅም ክስቶ ይመለስ ነበር። ከራሽን በፊት ምገባ፣ ከክትባት በፊት መሰብሰብ፤ ሁለቱም ተገልብጠው ነው የተሠሩት።

ከብቱን በተመለከተ የተደረገው ትንሽ ነው፣ እሱም ዘግይቶ። ሰው እስኪከሳ ድረስ የከብቱ ሞት እንደ ምልክት እንጂ እንደ አደጋው ራሱ አልታየም። ለመኖ፣ ለክትባት፣ ከሲታ ከብት በጊዜ ለመግዛት የሚሆን ገንዘብ አልተዘጋጀም። በዚህም ላይ በመስከረም 1993 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት እገዳውን መልሳ ጣለች፤ የቀረችውን ከብት ሸጦ ለማገገም ያሰበው ሰው ገበያ አጣ።

ዝናቡ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ታየ። ግመልና ፍየል የቀረው ቤተሰብ ተመልሶ ሜዳው ላይ ወጣ። ያለቀበት ግን ምን ይዞ ይመለስ? በደናን ከሰፈሩት ብዙዎቹ ለዓመታት እዚያው ቀሩ። ለጥቂት ወራት የታሰበ መጠለያ፣ ከብት ለሌለው አርብቶ አደር መንደር ሆነ።

## ወደ ሌላ ቦታ የሚሻገረው

ከጎዴ የወጣው ዋና ትምህርት በጥናቱ መደምደሚያ ላይ በግልጽ ተቀምጧል፤ በማንኛውም እንዲህ ያለ አደጋ የኩፍኝ ክትባት ከቫይታሚን ኤ ጋር ወዲያውኑ ይሰጥ፣ ሽፋኑ 90 በመቶ ይድረስ፣ ዕድሜውም እስከ 12 ወይም 15 ዓመት ይዝለቅ። እኔ የምጨምረው ለአርብቶ አደር አገር ይህ ምክር ከሌላው በላይ እንደሚያስፈልግ ነው። ምክንያቱ ከላይ ያየነው ነው፤ ተበታትኖ የኖረ ሕዝብ በሽታውን የማያውቅ ትልልቅ ልጅ አለው። በደጋ ከተማ የአሥር ዓመት ልጅ ወይ ተከትቧል ወይ ታሞ ድኗል። በሸበሌ ሜዳ ሁለቱም ላይሆን ይችላል።

ቀጥሎ የቦታው ነገር አለ። ዕርዳታ ሰጪው የሚያድርበት ቦታና ዕርዳታው የሚታደልበት ቦታ አንድ መሆን የለባቸውም። ምግብ በየቢርካውና በየጉድጓዱ አጠገብ ቢታደል ሰው መንጋውን ሳይለቅ ይረዳል፤ ሳይጨናነቅም ይቆያል። ዋጋው ውድ ነው፣ ነዳጅ ይበላል፣ መኪና ይሰብራል፣ ቁጥጥሩም ያስቸግራል፤ የጎሳ ሽማግሌዎችን ሳያማክር የሚሠራውም ጠብ ይፈጥራል። በዚህ ላይ እውነተኛ ክርክር አለ፣ ቀላል ነው አልልም። የከተማው ምርጫ ግን ርካሽ የሚመስለው የመቃብሩና የዓመታት ጥገኝነቱ ሒሳብ በሌላ መዝገብ ላይ ስለሚጻፍ ነው።

ከብትን ቀድሞ መያዝ እንደሚቻል ከጎዴ ስድስት ዓመት በኋላ በሞያሌ ታይቷል። በ1998 ዓ.ም. ድርቅ ነጋዴዎችን ከአርብቶ አደሮች ጋር በማገናኘትና ብድር በማመቻቸት 20,000 ያህል ከብት ከመሞቱ በፊት ተሸጧል፤ በአርብቶ አደሩ እጅ የገባው ገንዘብ ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። ሰዎቹ ገንዘቡን ምግብ ገዙበት፣ ለተረፉት ከብቶች መኖ ገዙበት፣ ከብታቸውንም በመኪና ግጦሽ ወዳለበት አጓጓዙበት። የተራበ ሰው ገንዘብ ይዞ ምን ያደርጋል ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም። ከዚያም የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር በአርብቶ አደር አካባቢ ለከብት የሚደረግ የአደጋ ጊዜ ዕርዳታ ብሔራዊ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2008 አውጥቷል። ወተት የምትሰጥ ከብት ሕፃናቱ አጠገብ ቆይታ መኖ እንድታገኝ ማድረግም በዚሁ ክልል ተሞክሮ የሕፃናቱን ክብደት ከመውደቅ አግዷል።

## ከዚያ ወዲህ

በሶማሌ ክልል አሁን ተንቀሳቃሽ የጤናና የሥነ ምግብ ቡድኖች አሉ፤ በመኪና እየዞሩ ክትባትና ምርመራ ወደ ሰፈሩ ይወስዳሉ። ይህ ከጎዴ በኋላ የመጣ እውነተኛ መሻሻል ነው። ሆኖም በነሐሴ 2003 ዓ.ም. ከሶማሊያ ረሃብ የሸሹ ሰዎች በዶሎ አዶ በኩል ሲገቡ፣ ገና በተከፈተው በኮቤ መጠለያ ኩፍኝ ተነሣ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በዚያ መጠለያ በአማካይ በቀን አሥር ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ይሞቱ እንደነበር አስታውቋል። ከጎዴ በመኪና የሚደረስበት ቦታ ነው፣ ጊዜውም ከጥናቱ አሥር ዓመት በኋላ። ዝናቡ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ አምስት ወቅት በቀረበት የቅርቡ ድርቅም ክልሉ እንደገና ከኩፍኝ ጋር ታግሏል።

የአንድ አርብቶ አደር ወረዳ የድርቅ ዝግጁነት ዕቅድ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው የእህሉን ኩንታል አይደለም። የክትባት ማቀዝቀዣው ነዳጅ በየትኛው ወር እንደተመደበ፣ የዕድሜው ጣሪያ አምስት ወይስ አሥራ አምስት እንደተባለ፣ ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡን የመክፈት ፈቃድ ለሠራተኛው መሰጠቱን እፈልጋለሁ። ብዙውን ጊዜ የማገኘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ እሱም ወሩ ሐምሌ ሆኖ፣ ጂላል ካለፈ በኋላ።